ከጥቀርሻው እስከ ክትባቱ

ካንሰር የዘመናችን በሽታ ነው የሚል እምነት በብዙዎቻችን ዘንድ ሥር ሰዷል። አያቶቻችን አያውቁትም ነበር፤ ምግቡ ሲለወጥና አየሩ ሲበከል የመጣብን ነው እንላለን። መዛግብቱ የሚናገሩት ግን ሌላ ነው። ዓባይ ከእኛ ተነሥቶ በሚደርስባት ግብፅ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተገለበጠ የሕክምና ጽሑፍ ተገኝቷል፤ ዛሬ የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ ይባላል። ጸሐፊው የጡት እባጭ የወጣበትን ሰው ይገልጻል፤ እባጩ ሲዳሰስ አይሞቅም፣ ፈሳሽም የለውም። ለብዙዎቹ ጉዳቶች ሕክምና ሲያዝዝ የቆየው ይህ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ መድኃኒት እንደሌለው ጽፎ ያልፋል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሐኪሞች መንስኤውን ፍለጋ ወጥተዋል። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጌለን፣ በሽታው የሚመጣው በሰውነት ውስጥ ከሚጠራቀም ጥቁር ሐሞት ነው ብሎ አስተማረ። ትምህርቱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሳይነቃነቅ ቆየ። ጉዳቱ ከባድ ነበር፤ ምክንያቱ ሁሉ በውስጥ ነው ከተባለ፣ ሕመምተኛው የት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚተነፍስ፣ ቆዳው ላይ ምን እንደሚያርፍ የሚጠይቅ አይኖርምና።

ይህን ጥያቄ የጠየቀው ለንደን ውስጥ የነበረ ፐርሲቫል ፖት የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። በዘመኑ የእንግሊዝ ቤቶች ጭስ ማውጫ ጠባብና ጠማማ ስለነበር፣ ጥቀርሻውን የሚጠርጉት ወደ ውስጥ የሚገቡ የድሃ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ራቁታቸውን ይገቡ ነበር፤ የሚታጠቡትም ከስንት አንዴ ነው። ፖት እ.ኤ.አ. በ1775 ባሳተመው ጽሑፍ፣ እነዚህ ልጆች ካደጉ በኋላ የዘር ፍሬያቸውን ከረጢት ቆዳ የሚበላ ካንሰር እንደሚይዛቸውና ምክንያቱም በቆዳው እጥፋት ውስጥ የሚቀረው ጥቀርሻ መሆኑን አመለከተ። አንድ ካንሰር ከአንድ የሥራ ዓይነት ጋር በዚህን ያህል ግልጽነት ሲያያዝ ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳስብ አዝናለሁ። መንስኤው ታውቋል፤ መከላከያውም ውሃና ልብስ ነው። ሆኖም በ1788 የወጣው ሕግ ከስምንት ዓመት በታች ያሉትን ብቻ ከለከለ፣ እሱም አልተከበረም። በ1840 ዕድሜያቸው ከ21 በታች የሆኑ ሁሉ ተከለከሉ፤ ይህንንም የሚያስከብር ጠፋ። ልጆቹ ከጭስ ማውጫው በእርግጥ የወጡት በ1875 ሕግ ነው፤ ፖት ከጻፈ አንድ መቶ ዓመት ቆጥሮ። በ1892 ሄንሪ በትሊን የተባለ ሐኪም በሽታው በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ለምን እንደሳሳ ሲመረምር፣ የጀርመን ጠራጊዎች ገላቸውን የሚሸፍን ልብስ ለብሰው እንደሚሠሩና እንደሚታጠቡ ተገነዘበ።

ጥቀርሻው በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቀስ ብሎ መጣ። ሩዶልፍ ቪርኾ በ1850ዎቹ ሕዋስ ሁሉ ከሌላ ሕዋስ እንደሚወለድ አስተማረ፤ የካንሰር ሕዋስም ከራሳችን ሕዋስ የተወለደ ነው ማለት ነው። በ1915 ያማጊዋና ኢቺካዋ የተባሉ ጃፓናውያን የጥንቸል ጆሮ ላይ የድንጋይ ከሰል ሬንጅ ለወራት እየደጋገሙ ቀብተው ካንሰር አስነሡ። በ1933 ደግሞ ለንደን ውስጥ ከዚያው ሬንጅ ካንሰር የሚያስነሣው ቤንዞፓይሪን የተባለው ውህድ ተለየ። ይኸው ውህድ በሲጋራም በማገዶም ጭስ ውስጥ ይገኛል።

ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል በውስጡ ያለውን የዘረመል ጽሑፍ ይገለብጣል። የብራና መጽሐፍ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ አንድ ፊደል ቢስት፣ እርማት ካላገኘ ከእሱ ቅጂ የሚቀዱት ሁሉ ስሕተቱን ይወርሳሉ። በሕዋስም እንዲሁ ነው። የትንባሆ ጭስ፣ ጨረር፣ አንዳንድ ቫይረሶችና ያለምክንያት የሚከሰት የመገልበጥ ስሕተት ጽሑፉን ያበላሹታል። አንዳንዱ ስሕተት መከፋፈልን የሚያዝዘውን ጂን ከልክ በላይ ያነቃዋል፤ አንዳንዱ የሚገታውን ያጠፋዋል። አንድ ስሕተት ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም፤ በርካቶች በአንድ የሕዋስ ዘር ላይ እስኪደራረቡ ዓመታት ያልፋሉ። የለንደን ልጆች በልጅነት በተቀቡት ጥቀርሻ በጎልማሳነት የታመሙት ለዚህ ነው። በመጨረሻም ሕዋሳቱ ከተነሡበት ቦታ አልፈው በደምና በሊምፍ ቧንቧ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት ይሰራጫሉ።

በማወቅና በማድረግ መካከል ያለው ርቀት በትንባሆም ታይቷል። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል ሲጋራን ከሳንባ ካንሰር ጋር ያገናኘውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1950 አወጡ፤ አገራችን ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው የተዘጉ ቦታዎች ማጨስን በአዋጅ ቁጥር 1112 የከለከለችው በ2011 ዓ.ም. ነው። የማኅፀን በር ካንሰር ታሪክ ግን ይበልጥ የእኛ ነው። ጣሊያናዊው ሪጎኒ ስተርን የቬሮና ከተማን የሞት መዝገብ አገላብጦ፣ የማኅፀን ካንሰር በመነኮሳይያት ዘንድ ከባለትዳሮች ይልቅ እጅግ እንደሚያንስ እ.ኤ.አ. በ1842 ጻፈ። ሃራልድ ሱር ሃውዘን በበሽታው ውስጥ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈውን የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ቫይረሱን የሚከላከለው ክትባት እ.ኤ.አ. በ2006 ተፈቀደ። በኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ብዙ ኢትዮጵያውያት የሚታመሙበትን በሽታ አስቀድሞ የሚከላከል መርፌ ዛሬ በእጃችን አለ። ይህን ዕድል የለንደን ልጆችም፣ የቬሮና እናቶችም አላገኙትም።

በማድ ቤታችንም ጥቀርሻ አለ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ሰነድ በቤት ውስጥ የሚነድ የማገዶ ጭስ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሎ መድቧል። እንጀራ የምትጋግር እናት በዚያ ጭስ ውስጥ የምታሳልፈው ዘመን ረጅም ነው፤ ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ሕፃንም አብሯት ይተነፍሳል። የጭስ መውጫ ያለው ምድጃ መሥራት የመቶ ዓመት ጉዳይ መሆን የለበትም።

አብዛኞቹ ታማሚዎቻችን ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው። ስሙን መጥራት መፍራት፣ የሐኪም ቤት ርቀት፣ የገንዘብ ማጣት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ትልቁ አታላይ ግን የሕመም አለመኖር ነው፤ ካንሰር በጅማሬው አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ስለዚህ በጡት ወይም በብብት ውስጥ የሚዳሰስ እባጭ፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሚታይ ደም፣ ምግብ ሲውጡ የመያዝ ስሜት፣ የማይድን ቁስል፣ ሳምንታት የዘለቀ ሳል፣ ያለምክንያት መክሳት የታየበት ሁሉ እስኪያመው አይጠብቅ። ብዙዎቹ ሌላ ቀላል ሕመም ሆነው ይገኛሉ፤ ካንሰር የሆነው ደግሞ ገና በአንድ ቦታ ሳለ ከተያዘ የመዳን ዕድሉ ብዙ ነው። ዕድሜያችሁ ከ30 በላይ የሆነ እህቶች ለማኅፀን በር ቅድመ ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ክትባቱ ወደ ትምህርት ቤቷ ሲመጣ አትከልክሏት፤ ካመለጣትም ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ።