በውሰት መምህር የቆሙ ትምህርት ቤቶች

ስለ መምህራን እጥረት በተነሣ ቁጥር ችግሩ ትናንት የተፈጠረ ይመስለናል። የአዲስ አበባን ትምህርት ቤቶች ታሪክ መለስ ብሎ ለሚመረምር ሰው ግን እጥረቱ ከትምህርት ቤቶቹ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን ሲጀምር ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ያለ ውጭ አገር መምህራን የሚንቀሳቀስ አልነበረም። በእነዚህና በመሰል ትምህርት ቤቶች ከወጡት ጥቂት ወጣቶች ብዙዎቹን ደግሞ የፋሽስት ወረራ ፈጃቸው።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ተጀመረ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ በምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ የመምህራን ሥልጠና ተጀመረ። ነገር ግን በዚያው ዘመን ሚኒስቴሮቹ፣ የመንግሥት ባንኩና ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ አየር መንገዱ የተማረ ሰው ይሹ ነበር። ደኅና እንግሊዝኛ የሚያውቅ ወጣት ጠመኔ ከመያዝ ይልቅ ወንበር ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ ክፍተቱ በውሰት ተሞላ። ከህንድ በውል የተቀጠሩ መምህራን በየከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። በመስከረም 1955 ዓ.ም. ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባላት መጡ፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተቋቋመና ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግል ተደረገ።

የነዚህን ሰዎች ትጋት መካድ ግፍ ይሆናል። ሒሳቡን ስናሰላው ግን ጉዳቱ ይታያል፦ ሰላም ጓዱ የሚቆየው ሁለት ዓመት፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አንድ ዓመት ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚማር ልጅ በአንድ የትምህርት ዓይነት አራት መምህራን ሊፈራረቁበት ይችሉ ነበር። የህንዱን አነጋገር ጆሮው ሲለምድ የአሜሪካኑ ይመጣበታል። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ሄያጅ መምህር ልምዱን ይዞ ይሄዳል፤ ለሚተካውም የሚያወርሰው የለም። በማሠልጠኛ ተቋም የማስተምር በመሆኔ ይህን አቅልዬ ማየት አልችልም።

አገሬው መምህርስ? በየካቲት 1966 ዓ.ም. በትምህርት ዘርፍ ጥናቱና በደመወዙ ምክንያት አድማ መታ። በዓመቱ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የዩኒቨርሲቲውና የ11ኛና 12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከነመምህራኖቻቸው ወደ ገጠር ዘመቱ፤ አዲስ ተመራቂ የሚፈልቅበትም ምንጭ ለጊዜው ደረቀ። በ1969 ዓ.ም. ሰላም ጓዶቹ ጠቅልለው ወጡ።

ተማሪው ግን አልቀነሰም። ከተሞቹ በፈረቃ አስተማሩ፤ አንዱ ክፍል ጠዋት ለአንዱ፣ ከሰዓት ለሌላው ሆነ። የሁለተኛ ደረጃው ክፍተት ብዙ ጊዜ የተሞላው ከታች በመሳብ ነው። ልምድ ያለው የአንደኛ ደረጃ መምህር በክረምት ትምህርት ዲፕሎማውን ሲይዝ ወደ ላይ ይዛወራል። በለቀቀው ክፍልም 12ኛን ጨርሶ የማሠልጠኛን ደጃፍ ያልረገጠ ወጣት ጠመኔ ይዞ ይገባ ነበር።