ውሃ የተሸከመው ከሰል፤ አንድ የደን ታሪክ ምንጭ

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር የሚለው አባባል በብዙ ጽሑፎችና በየመማሪያ ክፍሉ ሲደጋገም ኖሯል። አባባሉ ስለ ደን ጥበቃ ለማስተማር ቢረዳም፣ የደኑን መመናመን የአንድ ምዕተ ዓመት ታሪክ ብቻ አድርጎ ያቀርባል። ነገሩን ለመመርመር ከጽሑፍ ሰነድ ሌላ ምንጭ ያስፈልጋል። ከነዚህም አንዱ በሐይቆች ወለል የተቀበረው ከሰል ነው።

እንጨት ይበሰብሳል፤ ከሰል ግን በአፈርና በጭቃ ውስጥ ለሺህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ደን ሲቃጠል ቀላሉን ብናኝ ነፋስ ይወስደዋል፤ ከመሬት የቀረውን ዝናብ እየጠረገ ወደ ወንዝ ያወርደዋል። አዲስ ከሰል በቀዳዳዎቹ አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ይሰምጣል። በድንጋያማ ወንዝ ሲጓዝም እየተጋጨ ይደቃል። ወንዙ ወደ ሐይቅ ሲገባ ጉልበቱ ስለሚደክም የተሸከመውን ይጥላል፤ በላዩም ደለል እየተደራረበ ይሸፍነዋል።

ይሁን እንጂ ከሰል የተገኘበት ንጣፍ እሳቱ የተነሣበትን ዓመት በትክክል ያሳያል ማለት አይደለም። በአሜሪካ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1988 ከደረሰው ታላቅ ቃጠሎ በኋላ የተደረገና በ1996 የታተመ ጥናት፣ እሳቱ ከጠፋ ከዓመታት በኋላም ከሰል በሐይቆች ወለል ይከማች እንደነበረ አረጋግጧል። ዙሪያቸው ባልተቃጠለ ሐይቆችም ከሰል ተገኝቷል። ስለሆነም ተመራማሪዎች ሻካራውን ከደቃቁ ይለያሉ፤ ከሰሉንም በዚያው ጭቃ ውስጥ ከሚገኘው የአበባ ብናኝ ጋር ያስተያያሉ።

በዚህ ዘዴ ኢያን ዳርቢሸር፣ ሔንሪ ላምና መሐመድ ዑመር በወሎ የሚገኙትን የሐይቅንና የአርዲቦን ሐይቆች ደለል መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። በጥናቱ መሠረት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ የዝግባና የጽድ ደን ተመንጥሮ በክትክታ ቁጥቋጦና በሣር ተተካ፤ ይህም ሁኔታ 1800 ዓመት ያህል ቆየ። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ የጽድና የወይራ ደን ተመልሶ ተስፋፋ። ከዚያ ወዲህ ባሉት 300 ዓመታት ግን ምንጣሮውና የአፈሩ መሸርሸር እየበረታ ሄደ።

የሁለት ሐይቆች ምስክርነት ለመላ አገሪቱ ይበቃል ማለት አይደለም። ሆኖም የደን ታሪክ ሳያቋርጥ የወረደ አንድ ቁልቁለት ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል። ይህ ለመምህሩም ሆነ ለዕቅድ አውጪው ጠቃሚ ነው። የገበሬው ልጅ ደኑን ያጠፉት አያቶቹ ብቻ እንደሆኑ ተምሮ ቢያድግ፣ የሚወርሰው ጥፋተኝነትን እንጂ ዕውቀትን አይሆንም። ደን ተመንጥሮ በነበረበት ምድር እንደገና መብቀሉን ቢማር ግን፣ የተራቆተው ተራራ ተመልሶ ሊለመልም እንደሚችል ከታሪክ ማስረጃ ያገኛል።