ከመርሳ እስከ አማኑኤል

ልጅ ሳለሁ መርሳ ላይ ስለ አንድ ሰው «አማኑኤል ተወሰደ» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም ነበር። አእምሮው ታውኳል ማለት ነው። ለእኛ ለልጆች አማኑኤል የታቦት ስም ብቻ አልነበረም፤ የሄደ ሁሉ የማይመለስበት የሚመስለን የአንድ ሩቅ አገር ስም ጭምር ነበር።

ሩቅ መሆኑስ እውነት ነው። ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የሐብሩ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው መርሳ ደግሞ ከወልድያ ወደ ደሴ ሲኬድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአማኑኤል ሆስፒታል የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። የየጁ ገበሬ ልጁ ቢታመምበት የሚሸጠው በሬ፣ የሚያጅበው ዘመድና አዲስ አበባ ላይ የሚያሳድረው ሰው ያስፈልገው ነበር።

ይህ ያልሞላለት ምን ያደርግ ነበር? ክርስቲያኑ ጠበል፣ እስላሙ ደግሞ እንደ ዳና ባሉ የታወቁ የእምነትና የትምህርት ስፍራዎች ዱዓ ፍለጋ ይሄዳል። ቅርብ ነበሩ፤ ደሀውን በገንዘብ አይመልሱትም። በቤት የሚቀረው ግን እግሩ ታስሮ ይቀር ነበር። አክስቴ ከምሰሶ ጋር ታስሮ ዓመታት ስለቆየ ጎረቤታቸው ሲያወሩ፣ «ጨክነውበት አይደለም፤ ገደል እንዳይገባባቸው ነው» ይላሉ። አምናቸዋለሁ። ያሰረው የመንገዱ ርዝመት ነበር።

እንግዲህ የአእምሮ ሕክምና ታሪካችን ይህ መንገድ ቀስ በቀስ ያጠረበት ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀምር፣ ተመራቂዎቹ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች አገልግሎቱን ከፈቱ። በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ደረጃ እዚሁ አገር ማሠልጠን ጀመረ። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. እንዲሠራበት የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ደግሞ ሕክምናው እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አለመ። በወር አንድ ጊዜ የሚሰጥ መርፌና በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ስንቱን ከእግር ብረት አውጥቶ ለሞፈር አብቅቶታል።

የጤና መድን የመጣው በዚሁ ዘመን ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ አንዱ የደቡብ ወሎው ተሁለደሬ ነበር። ከመርሳ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ሐይቅን አልፎ የሚሻገረው ወረዳ ማለት ነው። ሐሳቡ ለወሎ ሰው አዲስ አልነበረም። ቅሬ አለውና! በቅሬው ይዋጣል፤ የሞተን ይቀብራል፤ የታመመን በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደርሳል። መድኑም ያው ነው፤ ቤተሰብ በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ የደሀ ደሀ ለተባለው መንግሥት ይከፍልለታል።

ይሁን እንጂ ቅሬም ሆነ መድን የሚቆጥሩት ቤተሰብን ነው። የአእምሮ ሕመም ደግሞ ሰውን መጀመሪያ የሚነጥለው ከቤተሰቡ ነው። ወልድያ አውቶቡስ መናኸሪያ ዙሪያ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያድረውን ሰው በየትኛው አባወራ ደብተር ላይ እንፈልገው? ደብተሩ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ሕመሙ ግን የዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። አምና መርሳ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ደብተራቸውን አንድ ዓመት ሳያጓድሉ አሳድሰዋል። የልጃቸው መድኃኒት ግን በአንድ ጤና ተቋም «የለም» እየተባለ ከግል መድኃኒት ቤት ይገዛሉ። «ደብተሩስ አለ ልጄ፤ ክኒኑ ነው የጠፋው» አሉኝ። ገንዘብ ሲያጥራቸው ክኒኑ ይቋረጣል፤ ክኒኑ ሲቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል።

በዚህ ላይ ጦርነቱ መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ወቅት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ሲያጣ፣ ጤነኛ የነበረውም እንቅልፉን አጣ። ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። የአእምሮ ሕክምና ፈላጊ በበዛበት ሰዓት መንገዱ እንደገና ረዘመ ማለት ነው።

ዛሬ መድኑ በለውጥ ላይ ነው። መዋጮው ከጅምሩ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ድርብ ሆኗል፤ በየወረዳው ያለው ገንዘብ ከፍ ባለ ደረጃ እንዲሰባሰብም ታስቧል። ለውጡን አልቃወምም፤ ደሀ ወረዳ ከሀብታም ወረዳ ጋር ቢቋደስ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ግን አንድ መለኪያ አለኝ፦ የመርሳዋ እናት ክኒኑን በቅርባቸው፣ ያለ ተጨማሪ ወጪ ያገኙታል ወይስ አያገኙትም? የመድኃኒት ዝርዝር ሲዘጋጅ የአእምሮ መድኃኒት መጀመሪያ የሚሰረዝ እንዳይሆን፣ ቤት የሌለው ሕመምተኛም ያለ አባወራ የሚመዘገብበት መንገድ እንዲኖር ካሁኑ መጠየቅ አለበት። ሕመምተኛው ራሱ ወጥቶ አይጠይቅምና ጠያቂዎቹ እኛ ነን።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ አባቶች። መንገዱን ለማሳጠር ብዙ ዐሥርት ዓመታት ፈጅቶብናል። ለማስረዘም ግን አንድ የመድኃኒት ስም ከዝርዝር መሰረዝ ይበቃል።