ሰነድ አያገግምም፤ ይተርፋል

«ሰነዱን አገገምኩት» የሚል አነጋገር በየቢሮው እየተለመደ መጥቷል፤ እዚህ ድሬዳዋም በተደጋጋሚ እሰማዋለሁ። መብራት ይጠፋል ወይም ፕሮግራሙ ሳይታሰብ ይዘጋል፤ በጋራ ፎልደር ውስጥ ብዙ ሠራተኛ የሚጽፍበት ሰነድም አብሮ ይሰወራል። ተመልሶ ሲከፈት በጎን በኩል አንድ ቅጂ ብቅ ይላል። ይህን ነው «ማገገም» ያሉት።

ማገገም የበሽተኛ ግስ ነው። በዚያ ላይ ተሳቢ አይቀበልም። የሚያገግመው በሽተኛው ራሱ ነው፤ «በሽተኛውን አገገምኩት» የሚል ሐኪም የለም። ታዲያ ኮምፒውተሩ ሰነዱን እንዴት አድርጎ ያገግመዋል? «ፕሮግራሙ ተከሰከሰ» የሚሉትም ከዚሁ አይለዩም። የሚከሰከሰው አውሮፕላን ነው። «ድንገት ተዘጋ» ቢባል ምን ይጎድላል?

ድሬዳዋ ለባዕድ ቃል በሯን የዘጋች ከተማ አይደለችም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ፈረንሳይኛውም አብሮ ወረደ፤ ለገሃርና ፉርጎ ከዚያ የመጡ ናቸው፤ ዛሬ የእኛው ቃል ሆነዋል። ፋይልና ኮምፒውተርም በዚያው መንገድ ይግቡ፤ ቅር አይለኝም። የሚያስቆጣኝ የራሳችን ቃል ያለ ቦታው ሲጎተት ነው። ሥሩን ፈትሾ ለሚሠራ ሰው አማርኛ አይነፍግም። «ውሂብ»ን ተመልከቱ። ለዳታ የተሰጠው ይህ ቃል «ሰጠ» ከሚለው የግእዙ ወሀበ ወጣ፤ የላቲኑ ዳታም «የተሰጡ» ማለት ነው። ሀብት የሚለው ቃላችን እንኳ ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። እንዲህ ያለ ቃል ያስደስታል።

ለሰነዱስ የትኛው ይሻላል? «መልሶ ማግኘት» የሚሉ አሉ። ይህ ግን የማይፈጸም ተስፋ ይሰጣል። ማይክሮሶፍት ወርድ፣ ካልቀየሩት በስተቀር፣ ቅጂ የሚይዘው በየ10 ደቂቃው ነው። ከመጨረሻው ቅጂ በኋላ የተጻፈው አይመለስም። «ማዳን» ሰፊ ቃል ነው፤ ከግእዙ ድኅነ መጥቶ መድኃኒትንም መድንንም ወልዷል፤ ነገር ግን እንደ ማገገም ሁሉ ወደ በሽታ ይስበናል። «ማስመለስ» ሕጋዊ ክብር አለው፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ይዞታል። ሆኖም የሚመለሰው በሌላ ሰው እጅ የገባ ነገር ነው። ስለዚህ ባልደረባችን በጽሑፋችን ላይ ደርቦ ሲጽፍና የቀድሞውን ቅጂ ስናመጣ «አስመለስን» እንበል፤ እዚያ ቦታው ነው።

ድንገት ለተዘጋው ግን የእኔ ምርጫ «ማትረፍ» ነው። ተረፈ ሲባል የጠፋ ነገር እንዳለ፣ የቀረም እንዳለ በአንድ ቃል ይታወቃል። ሰነዱ ላይ የሚሆነውም በትክክል ይኸው ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከተማችንን ከመታ በኋላ «ከጎርፉ የተረፈ» ስንባባል ትርጉሙን የጠየቀ አልነበረም። ነጋዴም ያተርፋል ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ይከራከር፤ «ሐኪሙ ሕይወቱን አተረፈለት» ሲባል ስለ ገንዘብ የሚያስብ የለም። ርባታውም ምቹ ነው፦ ሰነድ ማትረፍ፣ የተረፈ ቅጂ፣ ማትረፊያ። ማስቀመጥ ደግሞ የራሱን ሥራ ይዞ ይቆያል፤ እኛ አውቀን የምናደርገው እሱ ነው።

የኮምፒውተር ሥልጠና የምትሰጡና ሶፍትዌር የምትተረጉሙ ሁሉ ይህን ቃል ተጠቀሙበት። ሠራተኞችንም እንዲህ በሏቸው፦ የተረፈው ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በጋራው ፎልደር ሳይሆን ፕሮግራሙ በተዘጋበት ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚያው ክፈቱት። ወደ ቤቱ የሄደ ባልደረባችሁ «ሰነዱን ይዞታል» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ሳትጠፋ የቀረች ድብቅ የመቆለፊያ ፋይል ልትኖር ትችላለች፤ ሁሉም ሰነዱን መዝጋቱን አረጋግጣችሁ አጥፏት። ያተረፋችሁትንም ቅጂ ከምንም በፊት በአዲስ ስም አስቀምጡት።