በበጎ ፈቃድ የሚጠበቁ ሶፍትዌሮችና የጤና መረጃችን

ፍላቂት በሰሜን ወሎ ዞን የመቄት ወረዳ ከተማ ናት፤ ከወልድያ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዚህችም ሆነ በላስታ ደጋ ባሉ ሌሎች የጤና ተቋማት የሪፖርት ወር የሚዘጋው፣ እንደ ሌላው የሀገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ በወሩ 20ኛ ቀን ነው። መዝገብ ይደመራል፤ የወለዱ እናቶች፣ የተከተቡ ሕፃናትና የወባ ሕሙማን ቁጥር ተጠናቅሮ ወደ ላይ ይተላለፋል። ከ2010 ዓ.ም ወዲህ ይህ አኃዝ የሚገባው ዲኤችአይኤስ-2 ወደተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት መሆኑን የማያውቅ ባለሙያ ጥቂት ነው። ሥርዓቱ ራሱ በምን ላይ እንደቆመ ግን ብዙም ሲወሳ አይሰማም።

ዲኤችአይኤስ የተጸነሰው ከአፓርታይድ ውድቀት በኋላ በደቡብ አፍሪካ ነው። ሁለተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት እየተጻፈ፣ በ2006 በሕንድ ኬረላ ግዛት ሥራ ላይ ዋለ። ለዚህ ሥርዓት ደመወዝ የሚከፈላቸው አዘጋጆች አሉት። ከሥሩ ያለው መሠረት ግን በአብዛኛው የሌሎች እጅ ሥራ ነው። እንዲጫንበት የሚመከረው ኡቡንቱ ሲሆን፣ ኡቡንቱ ደግሞ የተቀዳው ከዴቢያን ነው። ዴቢያንን የያዙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ዴቢያንን በነሐሴ 1985 ዓ.ም የጀመረው ኢያን መርዶክ የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ በየቦታው የተጻፉ ነፃ ሶፍትዌሮችን በፓኬጅ በፓኬጅ አዘጋጅቶ፣ እያንዳንዱን ኃላፊነት ለሚወስድ ሰው ማስረከብ። (ፓኬጅ ሲባል የጤና ባለሙያ ቀድሞ የሚያስበው የጤና ኤክስቴንሽንን ፓኬጆች ይሆናል፤ የቃሉ አገባብም ብዙ አይራራቅም።) በሰኔ 2015 ዓ.ም የወጣው የዴቢያን እትም ከ64,000 በላይ ፓኬጆች ነበሩት። ተንከባካቢው የተወው ፓኬጅ በማኅበሩ አነጋገር «ወላጅ አልባ» ይባላል፤ የሚረከበውም ሰው ፓኬጁን «በማደጎ ወሰደ» ይባላል።

ወቅታዊ ማድረግ ማለት አዲስ የወጣውን ሁሉ መጫን ማለት እንዳልሆነ የዴቢያን ልማድ ያሳያል። በየሁለት ዓመቱ ገደማ የሚወጣው የተረጋጋ እትም አንዴ ከጸና በኋላ የፓኬጆቹ ስሪት በአብዛኛው አይቀየርም። የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ አዲሱ ስሪት በሙሉ አይገባም፤ እርማቱ ብቻ ተነጥሎ በአሮጌው ላይ ይሰፋል። አድካሚና የማያስመሰግን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሌሊት ያለ ጠባቂ የሚሠራ ሰርቨር በማለዳ እንዳይቆም ከዚህ የተሻለ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም።

መንካት ራሱ ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ አለ። በ1998 ዓ.ም አንድ የዴቢያን ተንከባካቢ ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጢር መጠበቂያ ፓኬጅ ላይ የመመርመሪያ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ያስነሡትን መስመሮች ሰረዘ። አስቀድሞ የጻፉትን ሰዎች ጠይቆ ነበር፤ የሚከለክል መልስ አላገኘም። በግንቦት 2000 ዓ.ም ጉዳዩ ሲደረስበት፣ በዴቢያንና በኡቡንቱ ኮምፒውተሮች የተፈጠሩ ቁልፎች ለእያንዳንዱ ዓይነትና መጠን ከ32,767 የማይበልጡ ሆነው ተገኙ፤ ይህም በአጭር ጊዜ ተሞክሮ የሚያልቅ ቁጥር ነው። ማስጠንቀቂያው ለዓለም በግልጽ ተነገረ፤ ቁልፎች እንደገና ተፈጠሩ። ስሕተትን ሳይደብቁ የመመዝገብ ልማድ ሕክምናም ገና በትግል ላይ ያለበት ጉዳይ ነው።

በመጋቢት 2006 ዓ.ም በዚያው ኦፕንኤስኤስኤል ላይ «ልብ አድሚ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ክፍተት ይፋ ሆነ። ሁለት ዓመት ሳይታይ ኖሯል። የዓለም ባንኮችና ሆስፒታሎች የተማመኑበትን ይህን ፓኬጅ ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚሠራበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በዓመት የሚገኘው ልገሳም 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ አንድ የአሜሪካ የሆስፒታሎች ድርጅት የ4.5 ሚሊዮን ሕሙማን መረጃ እንደተሰረቀበት አስታወቀ፤ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎችም ሌቦቹ የገቡት በዚሁ ክፍተት መሆኑን ገለጹ። እርማቱ ግን ክፍተቱ በተነገረበት ዕለት ወጥቶ ነበር።

ለገንዘብ በሚሸጥ ሶፍትዌርም ታሪኩ ከዚህ አይለይም። በግንቦት 2009 ዓ.ም የተነሣው ዋናክራይ የተባለ የኮምፒውተር ተሐዋሲ በእንግሊዝ ካሉ 236 የመንግሥት የጤና ተቋማት አስተዳደሮች ቢያንስ 80ዎቹን አውኳል። መከላከያው ከሁለት ወር በፊት ተሰጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም መጀመሪያ ሎግ4ጄ በተባለና በጎ ፈቃደኞች በሚጠብቁት ፓኬጅ ላይ ሌላ ከባድ ክፍተት ተገለጠ። በጃቫ ቋንቋ የተጻፉ ብዙ ሥርዓቶችን የሚያሠጋ ነበር፤ ዲኤችአይኤስ-2 በጃቫ የተጻፈ ነው። በየሀገሩ ያሉ ባለሙያዎች ሌሊቱን ሲያርሙ አደሩ። በዚያው ሳምንት ላሊበላ በጦርነቱ እንደገና እጅ ትለዋወጥ ነበር። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም መጨረሻ አንሥቶ በሰሜን ወሎ አብዛኛው ክፍል መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ ጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ ባለሙያዎች ተሰደው ነበር። ለተዘረፈ ኮምፒውተር የሚላክ እርማት የለም። ከዚያ በኋላ ዕቃው ሲተካ፣ በተተኪው ላይ የትኛው ስሪት እንደሚጫን መጠየቅ የመልሶ ማቋቋም ሥራ አካል ነበር ማለት ይቻላል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም የታየው ደግሞ ከሁሉ የረቀቀ ነው። ኤክስዜድ የተባለውን ትንሽ ፓኬጅ የሚጠብቀው በጎ ፈቃደኛ ደክሞት ነበር። አንድ ረዳት ቀርቦ ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት ሠራ፤ ታመነ፤ በመጨረሻም ስውር በር አስገባ። የደረሰበት አንድ መሐንዲስ ሲሆን፣ ያነቃውም የመግቢያ ሥራ በግማሽ ሰኮንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። ተበክሎ የተገኘው የዴቢያን የሙከራ ክፍል ነው፤ የተረጋጋው እትም፣ አዲስ ነገር ለመቀበል ስላልቸኮለ፣ አልተነካም።

በይነ መረብ በማይደርስባቸው ተቋማት ዲኤችአይኤስ-2 በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ለብቻው እንዲሠራ የተደረገበት ሁኔታ አለ። አኃዙ ወደ ማዕከል በፋይል ይሄዳል። እርማቱ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከማዕከል ወደ ደጋው፣ በሰው እጅ መጓዝ ይኖርበታል። እስከ ማዕከሉ ሰርቨር ድረስ ያለውን መንገድ የማያውቋቸው በጎ ፈቃደኞች ጠብቀውታል። ከዚያ ወዲያ፣ ከጋሸና መገንጠያ እስከ ፍላቂትና እስከ ላሊበላ ላለው፣ በጎ ፈቃደኛ መጠበቅ አይገባም፤ ሪፖርቱን የሚልከው ሠራተኛ በስም እንደሚታወቅ ሁሉ፣ ኮምፒውተሩን የሚያድሰውም በሥራ ዝርዝር ላይ በስም ሊጻፍ፣ የጉዞ አበሉም ከወረዳው ዕቅድ ላይ ሊያዝለት ይገባል።