የቤት ሶላር ኃይል ማነስ

የቤት ሶላር ኃይል ማነስ የሶላር ሰሌዳ ከሚጠበቅበት ያነሰ ኤሌክትሪክ የሚሰጥበት ሁኔታ ነው። በጀርባው የተጻፈው ዋት የተለካው በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃንና በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሴል ሙቀት ስለሆነ፣ በጠራ ቀንም ጥቂት ማነሱ ብልሽት አይደለም። በጣና ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው ደልጊ የበጋ አቧራና የክረምት ደመና ይጨመሩበታል። ሴሎቹ በተከታታይ ስለተያያዙ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ እንኳ ኃይሉን በእጅጉ ሊቀንስ ይችላል። አቧራው ሰሌዳው ሳይግል፣ በማለዳ፣ በውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል።

መብራቱ ማታ ቶሎ ከጠፋ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው፤ አለበለዚያ ደህናው ሰሌዳ ያለጥፋቱ ይለወጣል። ባለ 36 ሴል ሰሌዳ ከሽቦው ተነጥሎ ቀትር ላይ ሲለካ 20 ቮልት ገደማ ያሳያል። የቆሸሸ ሰሌዳም ይህንኑ ቮልት ሊሰጥ ስለሚችል አምፔሩም መለካት አለበት።