ክራይት፦ ዓሣ አጥማጅ መስላ ጠላት ደጅ የደረሰችው ጀልባ

ክራይት መጀመሪያ ኮፉኩ ማሩ የምትባል የጃፓን ዓሣ ማጥመጃ ነበረች። በ2ኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች እጅ ገባች። ለእሷ የታጩት የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ወታደሮች ከሲድኒ በስተሰሜን፣ ሪፊውጅ ቤይ በሚባል ጭር ያለ ቦታ፣ በጨለማ ታጣፊ ታንኳ መቅዘፍና መርከብ ላይ ፈንጂ መለጠፍ በሚስጥር ተለማመዱ።

ሴፕቴምበር 1943 (እ.ኤ.አ) 14 ሰው ይዛ ተነሳች። ቆዳቸውን ቀለም ተቀብተው፣ ሽርጥ አገልድመው፣ የጃፓን ባንዲራ ሰቅለው! በ26 ሌሊት 6ቱ በ3 ታንኳ ሲንጋፖር ወደብ ገብተው መርከቦችን በፈንጂ መቱ። 14ቱም በሰላም ተመለሱ።

ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ጋ ያቆሙታል፤ እኛ ግን ቀሪው ይብሳል ባይ ነን። ጃፓኖች የውስጥ ሰው ሥራ መስሏቸው ከኦክቶበር 10 ጀምሮ 57 ሲቪሎችን አስረው አሠቃዩ። 15ቱ ሞቱ። ስለ ክራይት አንዳቸውም አያውቁም ነበር።